የፒቸሯን ቁጥር ስታሰዪ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ስለ ሶፍትቦል ፒቸሮች (ኳስ ወርዋሪዎች) ኢ.አር.ኤ.፣ ማለትም በፒቸሯ ላይ ስለሚቆጠሩት ራኖች አማካይ፣ የጠየቅሽኝን መስመሩ እየተቆራረጠ በስልክ መጨረስ ስላልተቻለ በጽሑፍ ልኬልሻለሁ። የካ አባዶ ሜዳ ላይ ደብተሩን የምትይዢው አንቺ ከሆንሽ ማባዛትና ማካፈሉ አያስቸግርሽም። የሚያስቸግረው የትኛው ራን (ሯጯ ቤዞቹን፣ ማለትም አራቱን ማረፊያዎች፣ ዞራ ስትገባ የሚገኘው ነጥብ) እንደሚቆጠር መለየቱ ነው።

ቁጥሩ የሚነግርሽ ፒቸሯ ሙሉ ጨዋታ ብትወረውር በአማካይ ስንት ራን ይገባባት እንደነበር ነው። በእሷ ላይ የሚቆጠሩትን ራኖች በአንድ ሙሉ ጨዋታ ኢኒንግ (ዙር) ብዛት ታባዢና በወረወረችው ኢኒንግ ታካፍያለሽ። ማባዣው ለቤዝቦል 9 ነው፤ ለሶፍትቦል፣ ማለትም ለእናንተ፣ 7። ዝናብ መጥቶ ጨዋታው በ5ኛው ኢኒንግ ቢቋረጥም ማባዣው አይቀየርም። የአሜሪካ ዋናው ሊግ እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 በአንድ ቀን ሁለቴ የሚደረጉትን ጨዋታዎች ወደ 7 ኢኒንግ ሲያሳጥር እንኳ በ9 ማባዛቱን አልተወም።

ኢኒንግ ከምትቆጥሪ ግን አውት (የመቺ ወይም የሯጭ ከጨዋታ መውጣት፤ ሦስቱ አንድ ኢኒንግ ይሞላሉ) ቁጠሪ። ደብተር ላይ 4.2 ተብሎ ሲጻፍ አራት ኢኒንግና ሁለት አውት ማለት ነው፤ ካልኩሌተሩ ግን ይህን አያውቅም። 3 ራን የገባባትን ልጅ 3 በ7 አባዝተሽ ለ4.2 ብታካፍዪ 5.00 ይልሻል፣ ውሸት ነው። አራቱ ኢኒንግ 12 አውት፣ ሁለት ሲጨመር 14። ሰባት ኢኒንግ ደግሞ 21 አውት ስለሆነ፣ 3 በ21 ተባዝቶ ለ14 ሲካፈል 4.50 ይሆናል። ኤክሴል ላይም እንደዚሁ ነው፤ ዓምዱን በአውት ሙዪው።

ይቺው ልጅ በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ አውት ብቻ አውጥታ 2 ራን ቢገባባት የዕለቱ ቁጥሯ 42.00 ነው። አትደንግጪ፣ ደግሞም 4.50 እና 42.00ን ደምረሽ ለሁለት እንዳታካፍዪ፤ ያ 23.25 ያሳያታል። ራኑን ለብቻ፣ አውቱን ለብቻ ደምሪ። 5 በ21 ተባዝቶ ለ15 ሲካፈል 7.00 ነው። አንድም አውት ሳታወጣ ራን ከገባባት ለዜሮ ማካፈል ስለማይቻል ሰረዝ አድርጊ፤ ራኑ ግን ከድምሩ አይውጣ።

እጅሽን ማፍታታት ከፈለግሽ የአሜሪካዊውን ፒቸር የቦብ ጊብሰንን እ.ኤ.አ. የ1968 ዓመት አስዪ፤ ቤዝቦል ስለሆነ በ27 ታባዣለሽ። 304 ኢኒንግ ከ2 አውት፣ ማለትም 914 አውት ወርውሮ 38 ራን ተቆጠረበት፤ 1.12 ይወጣልሻል። በዚያ ዓመት የገባበት ጠቅላላ ራን ግን 49 ነው። አሥራ አንዱ ለምን ቀረለት?

ፒቸር የሚጠየቀው ያለ መከላከል ስህተት ይገባ ለነበረው ራን ብቻ ስለሆነ ነው። ኢኒንጉ ሲያልቅ ስህተቱን አውጥተሽ በወረቀት ላይ እንደገና አጫውቺው። ሁለት አውት ላይ ቀላል ኳስ ከተጫዋች እጅ ወደቀ፣ ቀጣይዋ መቺ ሆምራን (እሷንም ቤዝ ላይ ያሉትንም ሁሉ የሚያስገባ ምት) መታች እንበል። ኳሱ ቢያዝ ኖሮ ኢኒንጉ አልቆ ነበርና ሁለቱም ራኖች አይቆጠሩም። ስህተቱን የሠራችው ፒቸሯ ራሷ ብትሆንም ፍርዱ አንድ ነው። ካቸሯ (ከመቺዋ ኋላ ሆና የፒቸሯን ኳስ የምትቀበለው) መያዝ የነበረባት ኳስ ሲያመልጣት እንደ ስህተት ታይዋለሽ፤ ፒቸሯ ከመስመር አውጥታ የወረወረችው ከሆነ ግን ዕዳው የራሷ ነው። ደብል ፕሌይ (በአንድ ኳስ ሁለት አውት) ይሆን ነበር ብለሽ ሁለተኛውን አውት አትገምቺ። ስህተቱ ባይኖር ሯጯ የትኛው ቤዝ ላይ ትቆም ነበር በሚለው ከተጠራጠርሽ ደንቡ ለፒቸሯ ያደላል።

ሜዳችሁ ድንጋያማ መሆኑ እዚህ ላይ ይመጣል። መሬት ለመሬት የመጣ ኳስ ጠጠር መትቶ በተጫዋቿ ትከሻ ላይ ቢዘል ሂት (መቺዋን ቤዝ ያደረሰ ትክክለኛ ምት) ነው፣ ስህተት አይደለም፤ ራኑም ይቆጠራል። ፒቸሯ ታኮርፋለች፣ ተያት። ዘግይቶ መሮጥና ወደ የትኛው ቤዝ ልወርውር ብሎ ማመንታትም ስህተት ተብሎ አይመዘገብም። ጓደኛሽ ስለሆነች ብቻ ሂቱን ስህተት ብለሽ ብትጽፊላት ቁጥሯን ታሳምሪያለሽ፣ የመከላከያዋን ልጅ ግን ትበድያለሽ።

ፒቸር ሲቀየር ይጠንቀቁ የሚባለው ቦታ ይህ ነው። የወጣችው ፒቸር ሁለት ሯጮች ቤዝ ላይ ትታ ሄዳ፣ ተተኪዋ በተመታባት ኳስ ቢገቡ ሁለቱም ራኖች በወጣችው ላይ ይጻፋሉ። በሌላ በኩል ተተኪዋ ከመግባቷ በፊት የባከነው አውት አይታሰብላትም። በሁለት አውት ላይ ስህተት ተሠርቶ እሷ ገብታ ሆምራን ቢመታባት፣ መቺዋ ራሷ ዞራ የገባችበት ራን በተተኪዋ ላይ ይቆጠራል፣ ለቡድኑ ድምር ግን አይቆጠርም። ስለዚህ የፒቸሮቹ ድምር ከቡድኑ ቢበልጥ ደብተሩ ተሳሳተ ብለሽ አትደልዢ። በተጨማሪ ኢኒንግ በደንቡ ሁለተኛ ቤዝ ላይ የምትቆመዋ ሯጭ ስትገባም ፒቸሯ አትጠየቅም።

ልጆቹ ቁጥራቸውን ከአሜሪካኖቹ ጋር እያወዳደሩ ከተከራከሩ ከፍታውን አስታውሻቸው። የአሜሪካዋ ከተማ ዴንቨር 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ሆና ለፒቸሮች አስቸጋሪ በመሆን ትታወቃለች፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ የተመታ ኳስ ይርቃል፣ የሚታጠፈው ውርወራም የሚፈለገውን ያህል አይታጠፍም። እርስ በርስ ሲወዳደሩ ግን ሁሉም አንድ አየር ላይ ናቸው፣ ያ ሰበብ አይሠራም።

ለእያንዳንዷ ፒቸር አውት፣ ጠቅላላ ራን፣ የሚቆጠር ራን የሚሉ ሦስት ዓምዶች አስምሪ፤ ኢ.አር.ኤ.ውን በእርሳስ ጻፊው፣ በየሳምንቱ ይቀየራል። አክስትሽን ሰላም በይልኝ።

አባትሽ