«ሊንክ አትንኩ» ብቻውን አይበቃም፤ ብሮውዘሮቻችንም ይታደሱ

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ኢንተርኔት ማጭበርበር ያወጣችሁትን ምክር አንብቤዋለሁ። የማታውቁትን ሊንክ አትንኩ፣ ፓስዎርዳችሁን ለማንም አትንገሩ ይላል። ጥሩ ምክር ነው፤ ለእህቶቼም አስተላልፌዋለሁ። ግን አንድ ትልቅ ነገር ቀርቶበታል። ደሴ ውስጥ ኮምፒውተር በመጠገን የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ የቀረውን ልጨምርበት።

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ አካባቢ አንድ ኢንተርኔት ቤት ፕሪንት ላስደርግ ገባሁ። አጠገቤ አንዲት ወጣት ከእናቷ ጋር ሆና የፓስፖርት ማመልከቻ ትሞላለች። የልደት ሰርተፍኬቷና መታወቂያዋ ስካን ተደርገው ስክሪኑ ላይ ይታያሉ። እኔ ልማድ ሆኖብኝ የተቀመጥኩበት ኮምፒውተር ላይ ያለውን የክሮም፣ ማለትም የጎግልን ብሮውዘር፣ ስሪት ቁጥር አየሁ። 109 ይላል። ደነገጥኩ። ስጠይቅ የቤቱ ስምንት ኮምፒውተሮች በሙሉ እንደዚያው ናቸው።

109 ለዊንዶውስ 7 የተሠራ የመጨረሻው ክሮም ነው። በ2015 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ 110 ሲወጣ ዊንዶውስ 7 ላይ መጫን ቀረ። ማይክሮሶፍትም በዚያው ሰሞን ለዊንዶውስ 7 የደኅንነት ማስተካከያ መስጠቱን አቆመ። ጎግል ከ2015 ነሐሴ ጀምሮ ለክሮም የደኅንነት ማስተካከያ የሚያወጣው በየሳምንቱ ነው። የእነዚያ ሁሉ ሳምንታት ሥራ እዚያ ቤት አልደረሰም።

ይህ ለምን ያስፈራል? ብሮውዘር ከማናውቀው ሰው የመጣ ፎቶ፣ ቪዲዮና ኮድ ቀኑን ሙሉ የሚከፍትልን ፕሮግራም ነው። አሠራሩ ላይ ስሕተት ካለ፣ ስሕተቱን ያወቀ ሰው ለዚያች ቀዳዳ የሚሆን ገጽ አዘጋጅቶ የራሱን ኮድ ያስገባል። ፓስዎርድ አትንገሩ የሚለው ምክር እዚህ ላይ አያድንም፤ የጠየቀን ሰው የለምና። የደሴን ክረምት የምታውቁ ይገባችኋል። ቆርቆሮው ከተበሳ በር መቆለፍ ዝናቡን አያስቀረውም።

አንድ የሆነ ነገር ልንገራችሁ። ዌብፒ የሚባል የፎቶ ዓይነት አለ፤ ብዙ ድረ ገጾች ይጠቀሙበታል። ፎቶውን በሚከፍተው ኮድ ውስጥ ቀዳዳ ተገኘ። ያሳወቁት የአፕል የደኅንነት ቡድንና በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ የተባለ የጥናት ማዕከል ናቸው። ሆን ተብሎ የተበላሸ ፎቶ ያለበትን ገጽ መክፈት ብቻ ለጥቃት ያጋልጥ ነበር። ጎግል ማስተካከያውን ያወጣው ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ነው። አጥቂዎች ቀድመው እየተጠቀሙበት እንደነበርም ያን ጊዜ አስታውቋል። ፋየርፎክስም በማግስቱ ደፈነው። የጎግል ማስተካከያ የወጣበት ዕለት ሰኞ፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነበር፤ እኔ ሰኞ ገበያ ዶሮ እየገዛሁ ነበር። በክልላችን ደግሞ ያን ጊዜ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ ለወራትም አልተመለሰም። ስንቱ ስልክ ያንን ማስተካከያ ሳያገኝ እንደከረመ ሳስበው እስካሁን ይከነክነኛል።

ወደ ኢንተርኔት ቤቱ ልመለስ። የሚሠራውን ልጅ ለምን አፕዴት እንደማያደርጉ ጠየቅኩት። «ወንድሜ፣ ብናደርገውም ስናጠፋው አብሮ ይጠፋል» አለኝ። ልክ ነው። ብዙ ኢንተርኔት ቤት ዲፕ ፍሪዝ የሚባል ፕሮግራም ተጭኗል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ሁሉም ነገር ፍሪዝ ወደተደረገበት ቀን ይመለሳል። ደንበኛ ያመጣው ቫይረስ ይጠፋል፣ የተዝረከረከ ፋይል ይጸዳል። እኔም ለብዙዎች ጭኛለሁ። ግን አፕዴቱንም አብሮ ይጠርገዋል፤ ትናንት የተደፈነው ቀዳዳ ዛሬ ጠዋት እንደገና ክፍት ነው። ደግሞ የሚያጸዳው ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ብቻ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት የገባ ክፉ ኮድ ማታ እስኪዘጋ ድረስ የሃያ ሰው ፓስዎርድ ሊያይ ይችላል። ይህን ለደንበኞቼ ቀድሜ ባለመንገሬ አዝናለሁ።

በባለቤቶቹ አልፈርድም። በ2014ቱ ጦርነት ስንቱ ቤት ተዘርፎ በርካሽ ያገኘውን ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቶ ነው ሥራ የጀመረው። ጽሕፈት ቤቶቹ ደግሞ ፓወር ግዕዝ የሚባለውን የአማርኛ መተየቢያ የለመዱት በአሮጌው ዊንዶውስ ነው፤ መቀየር ይፈራሉ። እኔ የምላቸው ሁሉንም ቀይሩ አይደለም። መተየቢያውን ከኢንተርኔቱ ለዩት። ፓወር ግዕዝ ያለበትን ኮምፒውተር የኢንተርኔት ገመዱን ነቅላችሁ ተይቡበት። ፎርምና ኢሜይል በሌላ ኮምፒውተር ይሁን። 4 ጊጋባይት ራም ያለው አሮጌ ማሽን ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት በነፃ ይጫናል፤ ፋየርፎክሱም እየታደሰ ይቀጥላል። ዊንዶውስ 10 ያላችሁ ደግሞ ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 እንዳቆመ እወቁ። ክሮሙ ግን አሁንም ይታደሳል፤ በሳምንት አንድ ቀን ፍሪዙን ፍቱ፣ አድሱ፣ መልሳችሁ ፍሪዝ አድርጉ። ዳታው ከከበዳችሁ ሙሉውን መጫኛ ከክሮም ድረ ገጽ አንድ ጊዜ አውርዳችሁ በንጹሕ ፍላሽ ለሁሉም ማዳረስ ይቻላል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ድረ ገጽ ላይ «ክሮምዎ አርጅቷል፣ እዚህ ይጫኑ» የሚል ከመጣ አትጫኑት፤ ሌቦችም በዚህ ያታልላሉ። ራሳችሁ ከላይ በቀኝ ጫፍ ባሉት ሦስት ነጠብጣቦች፣ ሄልፕ ከዚያም አባውት ጎግል ክሮም ብላችሁ ግቡ። ስሪቱን ያሳያችኋል፤ አዲስ ካለም እዚያው ይታደሳል።

ስልክም ያው ነው። ጥቅል ላለመጨረስ ብለን አፕዴቱን እናጠፋዋለን። አፕ በዜንደር እንቀባበላለን። ቴሌግራም ውስጥ የምንከፍተው ሊንክ አንድሮይድ ላይ የሚታየው ዌብቪው በሚባል ክፍል ነው፤ እሱም ከፕሌይ ስቶር ይታደሳል። ዋይፋይ ባገኛችሁበት ቀን ክሮምንና ዌብቪውን ብቻ እንኳ አድሱ።

ለእናንተ አንድ ጥያቄ አለኝ። የእህል ዋጋ በምታወጡበት ገጽ ጥግ ላይ፣ የሳምንቱን የክሮምና የፋየርፎክስ ስሪት ቁጥር አብራችሁ ብታወጡ። አንድ መስመር ነው። ኢንተርኔት ቤት የገባ ሰው ቁጥሩን አይቶ የተቀመጠበት ኮምፒውተር ላይ ፎርም ይሞላ እንደሆነ ይወስናል። ባለቤቱም ይጠየቃል።

በዚያ ቤት የፍሪዙን ፓስዎርድ የሚያውቀው ባለሙያ አሁን ኮምቦልቻ ነው የሚሠራው። ልጁ ደውሎ ፓስዎርዱን ተቀበለው። እሁድ ከሰዓት አብረን ሁለቱ ላይ ሊኑክስ ጫንን፤ «ለፎርምና ለኢሜይል» የሚል ወረቀትም ለጠፍንባቸው። ስድስቱ ቀርተዋል፤ የፊታችን እሁድ እመለሳለሁ።

ኮምፒውተር ጠጋኝ አንባቢያችሁ
ከደሴ