ለልጄ፦ ከጂቡቲ ድሬ ያመጣሁሽ ጊዜ

የኔ እናት፣

ይህን የምጽፍልሽ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አያትሽ በረንዳ ላይ ሆኜ ነው። አንቺ ውስጥ ተኝተሻል። አመሻሽ ላይ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትጫወቺ «አንቺ እኮ የጂቡቲ ነሽ» አሉሽ። እያለቀስሽ መጣሽና «እማ፣ እኔ የየት አገር ልጅ ነኝ?» አልሽኝ። «የድሬ ልጅ ነሻ!» ብዬ አቀፍኩሽ። ለሰባት ዓመት ልጅ ያ ይበቃል። ሙሉውን ግን እዚህ ልጻፍልሽ፤ ስታድጊ ታነቢዋለሽ።

የተወለድሽው ጂቡቲ ነው፤ መስከረም 29 ሌሊት። አባትሽ ያኔም ወደብ ነበር የሚሠራው። የዜግነት አዋጃችን፣ 378/1996፣ ከእናትና ከአባት አንዳቸው እንኳ ኢትዮጵያዊ ከሆኑ ልጁም በትውልድ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። የትም ይወለድ የት። ስለዚህ ገና እትብትሽ ሳይቆረጥ ኢትዮጵያዊት ነበርሽ። ኬላ ላይ ያለ ሰው ግን የሚያየው ወረቀት ነው።

የእኔ ፓስፖርት ደግሞ አንቺን አርግዤ ሳለሁ ጊዜው አለፈበት። ያለ እሱ የመኖሪያ ፈቃዴ አይታደስም። ያንቺማ ከነጭራሹ የለም። መታወቂያዬም የድሮ ፋይሌም ያለው ድሬ ነው። እናም ሊሴ ፓሴ፣ በፓስፖርት ፈንታ የሚያሳልፈውን የጉዞ ወረቀት፣ አውጥተን አገር እንድንገባና የሁለታችንንም ፓስፖርት እዚያው እንድናወጣ ተስማማን። አባትሽ ከሥራው ፈቃድ አላገኘም። የምንሄደው እኔና አንቺ ብቻ ሆንን።

ከሁሉ ያስለቀሰኝ ስም ነው። የልደት ወረቀትሽ በፈረንሳይኛ ነው የተጻፈው። ፎቶ አንስቼ ለአያትሽ፣ ለአባቴ፣ ላክሁለት። አያትሽ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው፤ ድርጅቱ ገና ከፈረንሳዮች ጋር ሳለ ስለገባ ፈረንሳይኛውን ያንበለብለዋል። ወዲያው ደወለ። «ስሜን በትክክል ጽፈውታል፤ ላንቺ ግን አይሆንም» አለኝ። አልገባኝም። በስሙ ውስጥ «ሸ» አለች። ፈረንሳዮች «ሸ»ን የሚጽፉባቸው ሁለት ፊደላት በእንግሊዝኛ «ቸ» ተብለው ይነበባሉ። ፓስፖርቴ ላይ ያለው ደግሞ የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ነው። በአንዱ ወረቀት የአባቴ ልጅ ነኝ፤ በሌላው የማላውቀው ሰው ልጅ። «የእኔም የሥራ መታወቂያ ላይ እንዲህ ነበር የሚጽፉት። እዚያው እያለሽ አስተካክዪው፤ ድሬ ከመጣሽ በኋላ ማን ያርምልሻል?» አለኝ።

ያቺን አንዲት ፊደል ለማሳረም አንቺን ታቅፌ አራት ቀን ተመላለስኩ። «ነገ ነይ» ይሉኛል። ነገ ስሄድ ፈራሚው የለም። ወረፋው ላይ «አራስ ናት፣ ትቅደም» ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ጡቴ አፍስሶ ቀሚሴን እስኪያረጥበው ቆሜያለሁ። ዛሬም ድረስ ይከነክነኛል። አራስ ልጅ የያዘች ሴት ወንበር ብታገኝ የማን ሥራ ይበላሻል?

አያትሽ፣ እናቴ፣ ደግሞ በበኩሏ ትቆጣለች። «በአራስነት ደጅ ተወጥቶ! ምች ቢመታሽስ?» ቢያንስ ሰማንያው ይድረስ ትላለች። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። ሕጉ ደግሞ ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል፤ ውጭ አገር ለተወለደ ልጅ በኤምባሲ በኩል። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። ሰማንያኛው ቀንሽ ታኅሣሥ 19 ላይ ዋለ፤ የቁልቢ ገብርኤል ዕለት! ዘጠናኛው ደግሞ የገና ዕለት። ስነግራት በስልክ እልል አለች። «በቃ፣ እሱ ራሱ ጠርቷታል፤ ነይ» አለች። ምዝገባሽን ጨርሰን በኅዳር መጨረሻ ተነሳን።

ባቡሩን የያዝነው ጂቡቲ ካለው ናጋድ ጣቢያ ነው። አንቺን በደረቴ፣ ክላሰሩን በነጠላ ወገቤ ላይ አስሬ። የልደት ወረቀትሽ፣ ትርጉሙ፣ የጋብቻ ወረቀታችን፣ የአባትሽ ውክልና፣ የሁሉም ሦስት ሦስት ኮፒ። ሽንት ቤት እንኳ ይዤው ነው የሄድኩት። ሙቀቱ ሲበረታ ተሳፋሪው «ኧረ ውሃ አቅምሻት!» አለኝ። እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ፣ በሙቀትም ቢሆን። ውሃውን እኔ ጠጣሁ፤ አንቺ ከእኔ ጠጣሽ። ፊት ለፊታችን የተቀመጡ አንዲት ሶማሌ እናት ሻሻቸውን ፈተው እስከ ድንበሯ ከተማ ደወሌ ድረስ አራገቡልሽ። አማርኛ ብዙም አይችሉም፤ እኔም ሶማሊኛዬ ትንሽ ነው። ስማቸውን ሳልጠይቅ መውረዴ ይቆጨኛል።

ድሬ ራሷ ከጂቡቲ በመጣ ሐዲድ የተወለደች ናት፤ ባቡሩ በ1895 ደርሶ ነው ከተማ የሆነችው። አያትሽ ከአዲሱ ጣቢያ ባጃጅ ይዞ ሲጠብቀን ይህንን ነበር መጀመሪያ በጆሮሽ የነገረሽ። ገና አንድም ቃል ሳትሰሚ!

የቀበሌውን አላበዛብሽም፤ ያውቁኛል፣ ቶሎ አለቀ። ያስቸገረው የፓስፖርትሽ ፎቶ ነው። ጀርባው ነጭ ይሁን፣ ዓይን ይከፈት፣ የሌላ ሰው እጅ አይታይ ይላሉ። አንቺ ደግሞ እንቅልፍ ብቻ! የእናቴን ነጠላ አንጥፈን አስተኛንሽ። ጉንጭሽን ነካካን፣ ግንባርሽን በውሃ አራስን፣ ምንም። በመጨረሻ አያትሽ ጎንበስ ብሎ አገጭሽን ደገፍ አደረገና እንደ ድሮው ባቡር ጮኸልሽ። ዓይንሽ ተበለጠጠ! ፎቶ አንሺው ቀጭ አደረጋት።

ያቺን ፎቶ መለሷት። አገጭሽ ሥር የአያትሽ አውራ ጣት ይታያል። በማግስቱ ሌላ ተነሳሽ፤ ፓስፖርትሽ ላይ ያለው እሱ ነው። የተመለሰችውን አልጣልኳትም። ሰባት ዓመት ሙሉ ክላሰሩ ውስጥ ነበረች፤ አሁን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣታለሁ።

እናትሽ
ድሬዳዋ፣ ከዚራ