«የወባውን ተከትቤያለሁ»

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ክቡር አዘጋጅ፣

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ፋርማሲ መድኃኒት በማደል ሥራ አሥራ ሰባት ዓመት ቆይቻለሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ምሽት፣ በሩን ልንዘጋ ስንል የገባ ወጣት ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መሆኑን፣ በማግስቱ ጠዋት ለሦስት ወር ሥራ ወደ ጁባ እንደሚበር ነገረኝና የራስ ምታት ኪኒን ጠየቀኝ። ለወባ ምን እንደያዘ ስጠይቀው ከፓስፖርቱ ውስጥ ቢጫ ካርዱን መዝዞ አሳየኝና «እህቴ፣ የወባውን ተከትቤያለሁ፤ ካስፈለገም ኮአርተም ጨምሪልኝ፣ እሱን እየዋጥኩ እቆያለሁ» አለኝ። በዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ስሕተቶች አሉ፤ ሁለቱንም ከብዙ መንገደኞች አፍ ስለምሰማ በእሱ አልፈርድም።

የመጀመሪያውን ስሕተት ያመጣው ቋንቋችን ራሱ ይመስለኛል። ካርዱ ላይ የተመዘገበው ክትባት የቢጫ ወባ ነው፤ ቢጫ ወባና ወባ ግን ከስማቸው በቀር ዝምድና የላቸውም። ቢጫ ወባ በቫይረስ የሚመጣና በአንድ ክትባት ዕድሜ ልክ የሚከላከሉት በሽታ ሲሆን፣ ወባ ደግሞ በሌላ ዓይነት ትንኝ የሚተላለፍ ጥገኛ ተሕዋስ የሚያመጣው ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2021 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት የፈቀዳቸው የወባ ክትባቶችም ወባ ባለባቸው አገሮች ለሚኖሩ ሕፃናት የተዘጋጁ እንጂ ለአዋቂ መንገደኛ የሚሰጡ አይደሉም። ቢጫ ካርዱን የኤርፖርት ሠራተኛ ስለሚጠይቅ ሁሉም ሰው ተሯሩጦ ያወጣዋል፤ ስለ ወባው ኪኒን ግን ማንም በር ላይ ቆሞ የሚጠይቅ የለም።

ሁለተኛው ስሕተት ኮአርተምን ለመከላከያ መውሰድ ነው። ኮአርተም በወባ የተያዘ አዋቂ በሦስት ቀን ውስጥ 24 ፍሬ ወስዶ የሚድንበት መድኃኒት ነው። ከሰውነት ቶሎ ስለሚወጣ ለወራት ጋሻ ሊሆን አይችልም፤ በየጊዜው አንድ ሁለት ፍሬ እየቆነጠሩ መዋጥም ተሕዋሱን መድኃኒቱን ከማላመድ ያለፈ ጥቅም የለውም። ሐኪም ካዘዘ ለክፉ ቀን በሻንጣ ይዞ መሄድ ይቻላል፤ ያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ወላጆቻችን የሚያውቁት ክሎሮኪንም በዚያ አይሠራም። በእኛ አገር ቫይቫክስ ለተባለው የወባ ዓይነት አሁንም ይታዘዛል፤ በደቡብ ሱዳን ያለው ወባ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ፋልሲፓረም የሚባለው ገዳዩ ዓይነት ነው፤ ክሎሮኪንንም ከለመደ ቆይቷል። ጁባ ከባሕር ጠለል በላይ 550 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ዓመቱን ሙሉ ወባ የማይጠፋባት ከተማ ናት። ከ2,300 ሜትር በላይ ተወልዶ ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ ደሙ ወባን አያውቀውምና፣ ከተያዘ በቀናት ውስጥ ሊጸናበት ይችላል።

ታዲያ ከወባ መከላከያ ኪኒኖች የትኛው ይሻላል? የምጠየቀው ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ የምመልሰውም ሁልጊዜ ሰውየውን ራሱን በመጠየቅ ነው። ዕድሜው ስንት ነው፣ ስንት ቀን ይቆያል፣ ሌላ ምን መድኃኒት ይወስዳል፣ ኩላሊቱ እንዴት ነው፣ የሚጥል በሽታ ወይም ድብርት ነበረበት ወይ፣ ሴት ከሆነች ነፍሰ ጡር ናት ወይ? እነዚህ ሳይታወቁ «ጥሩውን ስጪኝ» ለሚል ሰው መልስ የለኝም።

በእጃችን በብዛት የሚገኘውና በዋጋም የሚቀለው ዶክሲሳይክሊን ነው። በቀን አንድ 100 ሚሊ ግራም ፍሬ ይወሰዳል፤ ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ቀን አስቀድሞ ተጀምሮ፣ በቆይታው ሁሉ ቀጥሎ፣ ከተመለሱ በኋላም አራት ሳምንት ይዋጣል። ከስምንት ዓመት በታች ለሆነ ልጅና ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ቆዳን ለፀሐይ አሳልፎ ስለሚሰጥ፣ በጁባ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ላይ ሽቦ ለሚዘረጋ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ባርኔጣና እጅጌ ረጅም ሸሚዝ የግድ ነው። ሌላው አወሳሰዱ ነው። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር በአንዲት ጉንጭ ውኃ ውጦት ወዲያው መኪናው ውስጥ ጋደም ይል ነበርና ጉሮሮው ቆስሎ፣ ምራቁን ለመዋጥ እንኳ እየተቸገረ መጥቶ አይቻለሁ። በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ወስዶ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት አለመተኛት ነው መፍትሔው። ከወተት፣ ከብረት ኪኒንና ከጨጓራ መድኃኒት ጋር አብሮ ከተወሰደም ኃይሉ ይቀንሳል።

ማላሮን በሚል ስም የምናውቀው አቶቫኮንና ፕሮጓኒል የተቀላቀሉበት ኪኒን ደግሞ ብዙ ሰው የሚስማማው ነው። ዋጋው ግን ይከብዳል፤ እኛ ጋ የሚገኝበትም የማይገኝበትም ወር አለ። እሱም በየቀኑ ይወሰዳል፤ ከተመለሱ በኋላ የሚቀረው ግን ሰባት ቀን ብቻ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው መድኃኒቶቹ ተሕዋሱን ከሚያገኙበት ቦታ ነው። ትንኟ የነከሰችን ዕለት ተሕዋሱ በቀጥታ ወደ ጉበት ገብቶ ይራባል፤ ወደ ደም የሚወጣው ከሳምንት በኋላ ነው። ማላሮን ጉበት ውስጥ እያለ ይደርስበታል፤ ዶክሲሳይክሊን ግን ከሞላ ጎደል ደም ውስጥ እስኪወጣ ጠብቆ የሚገድል ነውና አራት ሳምንት በር ላይ መቆም አለበት። ስለዚህ የሁለቱን ዋጋ በፍሬ ብቻ ማወዳደር ያሳስታል፤ ለሁለት ሳምንት ጉዞ ማላሮን 23 ፍሬ ሲበቃ ዶክሲሳይክሊን 44 ይፈልጋል። ለሦስት ወር ለሚሄድ ግን፣ እንደዚያ ወጣት፣ ሒሳቡ ወደ ዶክሲሳይክሊን ማዘንበሉ አይቀርም።

ማላሮን ቅባት ካለው ምግብ ጋር ካልተወሰደ በደንብ ወደ ደም አይገባም። በመጽሐፍ ላይ የተጻፈው «ከወተት ወይም ከምግብ ጋር» ስለሆነ ጿሚ ደንበኞቼ ይጨነቃሉ፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጾማቸውን ሲፈቱ ዘይት ካለበት ሽሮ ጋር ቢወስዱት ይበቃል እላቸዋለሁ፤ ዋናው ነገር ሰዓቱን በየቀኑ አለመቀያየሩ ነው። ኩላሊቱ በጣም ለደከመ ሰው ግን አይታዘዝም፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሪፋምፒሲን የሚወስድ ሰውም ኃይሉን ስለሚቀንስበት ሌላ መምረጥ አለበት።

ሜፍሎኪን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ስለሚወሰድ ብዙዎች ሲሰሙት ይወዱታል። ነፍሰ ጡርም ጉዞውን መተው ካልቻለች ሐኪሟ ሊያዝላት የሚችለው እሱን ነው። ነገር ግን በፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጽኑ የሚለውን ማስጠንቀቂያ አስለጥፎበታል፤ ቅዠት፣ ጭንቀት፣ ማዞርና ሚዛን ማጣት ሊያመጣ ይችላል፤ አንዳንዱ ላይም ከቆመ በኋላ አይለቅም። ድብርት፣ የአእምሮ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ለነበረበት ሰው አልሰጥም፤ ማዘዣ ይዞ ቢመጣ እንኳ ሐኪሙ ጋ ደውዬ አረጋግጣለሁ። ከጉዞው ሁለትና ሦስት ሳምንት አስቀድሞ መጀመር ያለበትም ጠባዩ አገር ቤት እያሉ እንዲታይ ነው። በዋዜማ ማታ የሚመጣ ሰው ይህ ምርጫ አምልጦታል ማለት ነው።

የምናገረው ከመጽሐፍ ብቻ እንዳይመስል የቤቴን ጉድ ልጨምር። ወንድሜ ጁባ በግንባታ ሥራ ስድስት ወር ቆይቶ ሲመለስ፣ በየቀኑ ሳያሰልስ የዋጠውን ዶክሲሳይክሊን ቦሌ በወረደበት ቀን አቆመው፤ «ከወባው አገር ወጣሁ አይደል?» ነው ያለኝ በኋላ ስጠይቀው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ብርድ ብርድ አለው። እናታችን ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሸችለት። በሰፈራችን ያለ አንድ ክሊኒክ ደሙን ወስዶ ታይፎይድና ታይፈስ ነው ብሎ ሲፕሮ ሰጠው፤ ከየት እንደመጣ የጠየቀው ሰው አልነበረም። እኔ ከመስክ ሥራ ተመልሼ ሳየው ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ቃላቱን እያደባለቀ ነበር። በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ወስደነው ደሙ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ፋልሲፓረም ሆኖ ተገኘ፤ የአርቴሱኔት መርፌ ተሰጥቶት ተረፈ። ከወባ አገር የተመለሰ ሰው በዓመቱ ውስጥ ትኩሳት ቢሰማው፣ መከላከያውን ሳያጓድል ቢወስድ እንኳ፣ ሐኪሙን ከሁሉ አስቀድሞ «እዚህ አገር ነበርኩ» ማለት አለበት፤ መቶ በመቶ የሚከላከል ኪኒን ስለሌለ አጎበርም አይቀርም።

በተቃራኒው አቅጣጫ ስለሚመጡትም አንድ ቃል። ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ ዘመድ ሊጠይቁ የሚመጡ ወገኖቻችን «ተወልጄ ያደግሁበት ነው፣ ምን ያደርገኛል» ሲሉ እሰማለሁ፤ ሰውነት ግን ወባን ካላገኘው የለመደውን በጥቂት ዓመታት ይረሳል። አዲስ አበባ ብቻ ለሚቆይ መድኃኒት አያስፈልግም፤ ወደ አርባ ምንጭ፣ ጋምቤላ፣ መተማ ወይም ባሕር ዳር ለሚወርድ ግን ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 በፈረንጆች አቆጣጠር ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ መያዛቸውን አስታውቆ ነበርና፣ ለሐኪማቸው «ኢትዮጵያ» ብቻ ሳይሆን የሚሄዱበትን ከተማ በስም ቢነግሩ ይጠቅማቸዋል።

ክቡር አዘጋጅ፣ ልመናዬ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ቢጫ ካርድ የሚሰጡ ክሊኒኮች ክትባቱን ሲሰጡ «ለወባውስ ምን ይዘሃል?» ብለው ይጠይቁ፤ ሠራተኛ ወደ ጁባ የሚልኩ ድርጅቶችና ቲኬት ቆራጮችም ጉዞው ከተቆረጠበት ቀን ጀምሮ፣ በዋዜማ ሳይሆን፣ መንገደኛውን ወደ ሐኪም ይላኩ።

ያን ወጣት በዚያ ምሽት በቅርብ ያለ ተረኛ ሐኪም ጋ ልኬው፣ ዶክሲሳይክሊን ታዞለት ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ በሩን ከፍቼ ጠበቅሁት። ወንድሜ ደግሞ በዚህ ወር መጨረሻ ለሁለት ሳምንት ወደ ጁባ ይመለሳል። ሐኪሙ ዘንድሮ ማላሮን አዞለታል፤ አሥራ ስድስቱን ፍሬ ለጉዞው ሰጥቼ፣ ከተመለሰ በኋላ የሚወስዳቸውን ሰባቱን በፖስታ አድርጌ፣ ቀኑን በላዩ ላይ ጽፌ፣ እናታችን ቤት ቡፌው ላይ አስቀምጬለታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የፋርማሲ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ