ክምሩ ትልቅ፣ ላሟ ከሲታ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ ከብት መኖ ሲጻፍ ወሬው አብዛኛውን ጊዜ ዝሆኔ ሳርና ደሾ ስለሚባሉት የሳር ዓይነቶች ነው። ክፋት የለባቸውም፤ ብዛት ይሰጣሉ። ጎጃም ውስጥ ግን መኖን በክምሩ ቁመት የመለካት አመል አለና፣ ሳርን ከጥራጥሬ ወገን መኖ ጋር ቀላቅሎ መዝራት ቸል መባሉ ጉዳት አለው።

የመኖው ፕሮቲን ከደረቅ ክብደቱ 7 በመቶ በታች ሲወርድ፣ ገለባውን የሚያብላሉት የጨጓራ ተህዋስያን ራሳቸው ይራባሉ። መኖው ሆድ ውስጥ ይቆያል፤ ላሟ እንደጠገበች ትከሳለች። የጤፍ ጭድም ሆነ ኅዳር ላይ የታጨደ፣ ዘሩን ያራገፈ ሳር ከዚህ ልክ በታች ነው።

ይህን ፕሮቲን የሚያሟላው የጥራጥሬ ወገን መኖ ነው፤ ለደጋው የሚቀለው ድብልቅ እንግዶ (የአጃ ወገን) እና ቬች (ሐረግ የሚጥል የጥራጥሬ ወገን መኖ) ነው። ለአንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር) 15 ኪሎ እንግዶና 6 ኪሎ ቬች ይበቃል፤ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ይዘራል። በአንድ ጆንያ ደባልቆ መበተን አይበጅም፤ ድቡልቡሉ የቬች ፍሬ ወደ ታች ይሰርግና ማሳው ገሚሱ እንግዶ፣ ገሚሱ ቬች ይሆናል። ለየብቻ ይበተን። ቬች ብቻውን ከተዘራ መሬት ላይ ተኝቶ በክረምቱ እርጥበት ከሥሩ ይበሰብሳል፤ እንግዶው መወጣጫው ነው። ውሃ የሚያቆር መስክ ላይ ቬች አይሆንም፤ እዚያ የአገሩን ማገጥ (መስክ ላይ ራሱ የሚበቅል የጥራጥሬ ወገን መኖ) መንከባከብ ይሻላል።

ዩሪያ (የናይትሮጅን ማዳበሪያ) ሲበዛ እንግዶው ተመዝዞ ቬቹን በጥላው ያፍነዋል። ቬቹ ናይትሮጅኑን ራሱ መሥራቱን ለማየት፣ ማበብ ሳይጀምር አንዱን ከነሥሩ ቆፍሮ አውጥቶ ሥሩ ላይ ያሉትን እባጮች በጥፍር መሰንጠቅ ነው፦ ውስጣቸው ሮዝ ከሆነ ናይትሮጅን እየሠሩ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆኑ ሥራ የለም። በጎጃም ደጋ ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የአፈሩ መኮምጠጥ ነው፤ ለከርሞ ኖራ ያሻዋል።

የሚታጨደው የእንግዶው ፍሬ ወተት ሲይዝና የቬቹ ግማሽ ሲያብብ ነው። ክምሩ ይተልቅ ብሎ መቆየት ግንድ ማብዛት ነው። ድርቆሹን በቀትር ማገላበጥም ስህተት ነው፤ ፕሮቲኑን የያዘው የቬች ቅጠል እየተሰባበረ መሬት ላይ ይቀራል። ጠዋት፣ ጤዛው ጨርሶ ሳይለቅ ይገላበጥ።

ማገጥ የበዛበት መስክ ላይ የራበው ከብት በጠዋት ጤዛ አይለቀቅ፤ ሆዱ ይነፋል። አስቀድሞ ጭድ ይቅመስ። ሣሩ አንድ ጋት ሲቀረው ደግሞ ከብቱ ይነሣ፤ ከብት ማገጡን መርጦ ይበላልና ከዚያ በታች ከተጋጠ ለከርሞ ሣር ብቻ ይቀራል።

ለዘር አንድ ጥግ ሳይታጨድ ይቆይ። የቬች ቆባ ሲደርቅ ፈንድቶ ዘሩን ይበትናል፤ የታችኞቹ ቡናማ ሲሆኑ የላይኞቹን ሳይጠብቁ በማለዳ ማጨድ ነው።

የመኖ ልማት ባለሙያዎች፣ ምሥራቅ ጎጃም