ቁንጮዬ፣ ኳቲህ እኔ ጋ ናት

ቁንጮዬ፣

እንደምን ከርመሃል። ስድስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ማለቴ ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ለሠርግህ አልደወልኩም፣ ልጅህ ስትወለድም ሚስትህን እንኳን ማርያም ማረችሽ አላልኳትም፣ የላክልኝን ቮይስ ሁሉ ሰምቼ ነገ እመልሳለሁ ነገ እመልሳለሁ እያልኩ ነገው ሳምንት ሆነ ሳምንቱ ዓመት ሆነ ከዛ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። ይቅርታ አርግልኝ። ስንገናኝ እንደፈለግክ ትሰድበኛለህ፣ አሁን ግን እሱን እንለፈውና ልጻፍልህ፣ ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ አጥፍቼዋለሁ።

ኳቲህ እኔ ጋ ናት።

አዎ፣ እሷው፣ ያቺ ትንሿ የብር ሳንቲም። ከጃማይካ የመጡት አባባ ጃማይካ የሰጡህ። ጠፋች ተብላ ከናንተ ጓሮ እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ሁለት ቀን አፈር ያበጠርንላት። እኔም አብሬህ ተንበርክኬ ስፈልግ ነበር አይደል፣ ካልሲዬ ውስጥ ሆና እኮ ነው። በእረፍት ሰዓት ከጆሜትሪ ሳጥንህ ነው ያወጣኋት፣ በጥጥ ጠቅልለህ አስቀምጠሃት ነበር፣ ጥጡን መልሼ እንደነበረ አረኩት። ለምን እንዳደረኩት ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፣ ሌላ ምክንያት የለውም፣ ቀንቼ ነው። አባባን ወባ ጥሏቸው ሳለ ሳምንት ሙሉ ውሃ እየቀዳህ ሾርባ እያደረስክ ያስታመምካቸው አንተ ነህ፣ እኔ ኳስ ሜዳ ነበርኩ። ላንተ መስጠታቸው ልክ ነበር። ያኔ ግን ሁለታችንም እኩል ልጆቻቸው ነን ብዬ ነው የማስበው፣ እና ስምህን ጠርተው መዳፍህ ላይ ሲያስቀምጡልህ ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ተቃጠለ።

ለምን አሁን ትለኛለህ። ባለፈው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄደን፣ ትልቋ ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ሙዳየ ምጽዋቱ ጋ ስንደርስ ራሷ እንድትከት ሁሌ ሳንቲም እሰጣታለሁ፣ የዛን ቀን ግን ኪሴን ስዳብስ «አባዬ የራሴን ይዣለሁ» ብላ መዳፏን ከፈተች። ኳቲህ! የጥፍር ያህል ነገር መዳፏ መሃል። ለካ የድሮ ካሴቶቼን ስትበረብር አንዱ ቀፎ ውስጥ ከወረቀቱ ሥር አግኝታት ኖሯል። እጇ ቀዳዳው ላይ ደርሶ ነበር፣ ክንዷን ለቀም አድርጌ ስይዛት ደነገጠችብኝ፣ ሰውም ዞሮ አየን። ባለቤቴ ምን ሆነህ ነው ስትለኝ «የሰው ናት» ብቻ ነው ከአፌ የወጣው። ቅዳሴው እስኪያልቅ ድረስ ጨብጫት ቆሜ ነበር፣ አንድም ነገር አልሰማሁም።

ደግሞ አስበው፣ ልጅቷ ምንም ሳታውቅ እኮ ኳቲዋን ወደ ጥንት ሥራዋ ልትመልሳት ነበር። አባባ የሚያወሩልንን አያታቸውን ታስታውሳቸዋለህ፣ እሁድ እሁድ በመሀረብ ጫፍ ቋጥረው ቤተ ክርስቲያን የሚወስዷትን፣ ሳምንቱን ሙሉ ቢራቡም ቋጠሮው የማይፈታውን። ያኔ ተረት ይመስለኝ ነበር። ባለፉት ቀናት ሱቅ ውስጥ ሥራ ሲቀዘቅዝ ስልኬ ላይ ሳነብ ግን ነገሩ እውነት ሆኖ አገኘሁት፣ እዛ አገር «የክርስቲያን ኳቲ» እየተባለች ነው ትጠራ የነበረው። ጥቁሮቹ ምእመናን የእንግሊዝን የመዳብ ሳንቲም ለእግዚአብሔር ቤት አይገባም ብለው አንገዋለሉት፣ ትንሽም ብትሆን ብር የሆነችውን ነበር የሚሰጡት። እንግሊዞቹ ሲያቅታቸው በ1869 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ) ለጃማይካ ብቻ የሚሆን ፔኒና ግማሽ ፔኒ ከመዳብና ከኒኬል ቀላቅለው ነጣ ያለ አድርገው አወጡ፣ አምስት አናናስ ያለበት ጋሻ ተቀርጾበት። ሰው ዝም ብሎ የሰጡትን ሳይቀበል ቀርቶ የገንዘቡን ብረት አስቀየረ ማለት እኮ ነው! ያውም ነጻ ከወጣ ገና ሠላሳ ዓመቱ የሆነ ሕዝብ። አባባ ይሄን ሲያወሩ ለምን ከወንበራቸው ይነሱ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ።

ማታ ልጆቹ ሲተኙ ወደ ሱቅ ተመለስኩ። የስልክ ቦርድ የማይበት ማጉያ አለኝ፣ እሱ ሥር አስገባኋት። ያኔ ልጆች ሆነን ያላየነው ስንት ነገር አለ መሰለህ። በአንድ በኩል ቪክቶሪያ ናት፣ አሮጊቷ ቪክቶሪያ እንዳትመስልህ፣ ገና ልጅ እግር፣ ፀጉሯ ወደ ኋላ የታሰረ፣ ጉንጯ በሰው ጣት ብዛት ልሙጥ ሆኗል። በሌላ በኩል ዘውድ አለ፣ ከሥሩ 1½፣ ከዛ ዓመቱ፣ ዙሪያውን የቅጠል ጉንጉን። አንድ ተኩል ፔንስ ማለት ነው፣ የሲክስፔንስ ሩብ፣ ኳቲ የሚለውም ከዛ ከሩቡ ነው የመጣው። እኛ አንድ ስሙኒ የምትሆን ይመስለን አልነበር? ዓመቱን ሳነበው ግን ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። 1838 ይላል።

1838 ምን እንደሆነ ታውቃለህ አይደል፣ አባባ በየዓመቱ በኦገስት መጀመሪያ ለብቻቸው የሚያከብሩት ቀን። በ1834 ባርነት ቀርቷል ተብሎ ታወጀና «ተለማማጅ» የሚል ስም ተሰጥቷቸው እዛው ጌታቸው እርሻ ላይ አራት ዓመት ተገፉ፣ እውነተኛው ነጻነት ኦገስት 1 ቀን 1838 ነው የመጣው። እሷም የዛው ዓመት ልጅ ናት። ለዘመናት በነጻ ሲሠራ የኖረ ሕዝብ ደሞዝ መቀበል ሲጀምር ዝርዝር ያስፈልገዋል፣ እነዚህ ጥቃቅን ብሮች ከ1834 ጀምሮ ለቅኝ ግዛቶቹ ነው የተመቱት፣ ብሪታንያ ውስጥ አልሠሩም። ማን ያውቃል፣ አንዱ የጉልበቱን ዋጋ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀበለባት ልትሆን ትችላለች። እኔ ደግሞ ካሴት ቀፎ ውስጥ ቆልፌባት ኖርኩ።

ከሷ በፊት እኮ የራሳቸው የሚባል ሳንቲም እንኳን አልነበራቸውም፣ የስፔን ብር ነበር የሚዞረው፣ እንግሊዞች ደሴቲቱን በ1655 ከያዙ በኋላም እንደዛው። በ1758 በዛው የስፔን ብርና ወርቅ ላይ GR የሚል ማኅተም መትተው የኛ ነው አሉ፣ ንጉሥ ጆርጅ ለማለት። የኛም አያቶች አይተዋት የማያውቋትን የኦስትሪያዋን ማሪያ ቴሬዛ ፊት እያዩ ማርትሬዛ ሲቆጥሩ አልኖሩ። ይሄን ለአባባ ነግሬያቸው ቢሆን እንዴት ደስ ይላቸው ነበር። አልነገርኳቸውም፣ ኳቲዋን ካነሳሁ ፊቴ ያስታውቅብኛል ብዬ ስለ ሳንቲም አብሬያቸው ማውራት ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

ማረፋቸውን እናትህ እንደነገረችህ አውቃለሁ። ቆርቆሮዋ ግን እኔ ጋ መቅረቷን አልሰማህም መሰለኝ፣ ያቺ የብስኩት ቆርቆሮ፣ ክዳኗ የማይገጥመው። ራሳቸው ናቸው የሰጡኝ፣ «አንተ ታማኝ ነህ» ብለው። በዛ በተሰባበረ አማርኛቸው «ታ-ማ-ኝ» ብለው። ያን ቀን ልነግራቸው አፌ ድረስ መጥቶ ዋጥኩት፣ በሁለተኛው ወር አረፉ።

ውስጧ የነበረው ሁሉ አለ። ጠጠር አድርገን የምንጫወትበት አሥራ ሁለት ጎን ያለው የአልሙኒየም አንድ ሳንቲም፣ አኪ የሚባለው ፍሬያቸው ያለበት፣ እሱ አሁንም ላባ ነው የሚያክለው። በ1969 ሴፕቴምበር 8 ከፓውንድ ወደ ዶላር ሲዞሩ አሥር ሺሊንጉን አንድ ዶላር አድርገው ከወጡት ውስጥም አዞ ያለበት አምስት ሳንቲም አለ፣ ያቺ ጭራዋ ረጅም ወፍ ያለችበት ሃያ አምስትም አለ። እነዛ ላይ የንግሥቲቱ ፊት የለም፣ አርማቸው ብቻ ነው፣ «ከብዙዎች አንድ ሕዝብ» የሚለው። ያኔ ዶላራቸው ከአሜሪካ ይበልጥ እንደነበር አውቀሃል? አንዱ አንድ ዶላር ከሃያ ሳንቲም የአሜሪካ ነበር፣ ዛሬ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ150 በላይ የነሱን ያወጣል። አባባ «ሳንቲም ሲያረጅ ይቀላል» የሚሉት ይሄን ነበር ለካ።

ኋላ የመጡት ላይ የሰው ፊት አለ። አሥር ሳንቲሙ ላይ ፖል ቦግል፣ አሥር ዶላሩ ላይ ጆርጅ ዊልያም ጎርደን። ሁለቱንም በ1865 ከሞራንት ቤይ አመፅ በኋላ እንግሊዞች ሰቅለዋቸዋል፣ እና የተሰቀለው ሰው ፊት ንግሥቲቱ በነበረችበት ቦታ ገባ። ለጥቁር ሕዝብ መብት የታገለውን ማርከስ ጋርቬይን ደግሞ ሃያ አምስት ሳንቲሙ ላይ አውጥተው ኋላም ሃያ ዶላሩ ላይ አደረጉት፣ አባባ ጋርቬይዋን ለብቻዋ በጨርቅ ጠቅልለው ነው ያስቀመጧት። በ2018 ፌብሩዋሪ 15 የጃማይካ ባንክ አንድ፣ አሥርና ሃያ አምስት ሳንቲሙን ሲሰርዝ እኔ ነኝ ከስልክ ያነበብኩላቸው። ዝም አሉ። ከዛ ቆርቆሮዋን አስመጥተው አንድ በአንድ በካናቴራቸው ጫፍ እየወለወሉ መለሷቸው፣ እስኪመሽ ድረስ። እኔም ቁጭ ብዬ አየሁ፣ አንዷ እንደጎደለች እሳቸውም ያውቃሉ እኔም አውቃለሁ።

አሁን ወደሚከብደኝ ልምጣ። ኳቲህ ስትጠፋ ማንን እንደጠረጠርን ታውቃለህ። ሊስትሮውን። ጠዋት ከኛ ጋር ተምሮ ከሰዓት መናኸሪያ ጫማ የሚጠርገውን። አንተ «እሱ ነው አጠገቤ የተቀመጠው» ስትል እኔ አይደለም ማለት ስችል «አዎ ሲነካካ አይቼዋለሁ» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት ቁንጮዬ፣ አንተ አትጸጸትበት፣ አንተ የተሰረቅከው ነህ። ልጆቹ ሌባ እያሉ አላስቀምጥ አሉት፣ ሳጥኑን የሰበሩበትም ያን ሳምንት ነው፣ ከዛ ትምህርት ቤት አልመጣም። አባባ ሲሰሙ ያሉትን ታስታውሳለህ፣ «ኳቲ መከራ ትገዛለች፣ መቶ ፓውንድ ግን አይከፍለውም»። የአገራቸው ተረት ነው፣ እኛን ዓይን ዓይናችንን እያዩ ነበር የተናገሩት፣ ከሁለታችን እኔን ረዘም አድርገው ያዩኝ መሰለኝ። ወይ እኔ ነኝ እንደዛ የማስበው፣ አላውቅም።

ብር ሰሪው ጋ ወስጄ አስመዝኛት ነበር፣ ዋጋዋን ለማወቅ አይደለም፣ እንዲሁ። አንድ ግራም አትሞላም፣ ሚዛኑ 0.7 ላይ ቆመ። በስቼ ለልጅህ የአንገት ላርግልህ አለኝ፣ ነጥቄው ወጣሁ።

የባለቤቴ እህት በወሩ መጨረሻ ወደናንተ አገር ትበራለች፣ ዋሽንግተን ነው የምትወርደው። ሁሉንም ልላክልህ? ቆርቆሮዋንም ጭምር? ኳቲዋን በመሀረብ ጫፍ ቋጥሬያታለሁ፣ አጥብቄ፣ አያቲቱ እንዳደረጉት። ወይስ አንተ ራስህ መጥተህ ብትወስዳት... ትኬቱ እንደተወደደ አውቃለሁ፣ እንዲሁ ነው ያልኩት። ብትናደድብኝም ተናደድ፣ ብቻ ዝም አትበለኝ። እኔ ያረኩህን አታርገኝ።

አንድ ነገር ግን ቶሎ መልስልኝ። ክፍል ውስጥ ስም የምትጠራው አንተ አለቃው አልነበርክ፣ ያንን ዝርዝር በቃልህ ነበር የምትለው፣ እንደ ውዳሴ ማርያም። የሊስትሮውን የአባት ስም ታስታውሳለህ? የሱን ብቻ ነው እኔ የማውቀው፣ እሱ ደግሞ በየመንገዱ ያለ ስም ነው። ሐዋሳ ባጃጅ ሲነዳ አየሁት ያለኝ ሰው አለ። ሙሉ ስሙን ካገኘሁ ማኅበራቱን እየዞርኩ እጠይቃለሁ። ቅዳሜ ሱቅ አልከፍትም፣ በጠዋት እሄዳለሁ።

ወንድምህ