ፈፋው በደረቀ ጊዜ ላልተለያችሁኝ

የተወደዳችሁ ወገኖቼ፣ ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።

የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ድምፄን ስለ ነሳኝ የጉሮሮ ሕመም ዳግመኛ አላወራም። ድምፄ ሻካራ ቢሆንም ይሰማል፣ በቃ። እየደወልኩ ላመሰግናችሁ ነበር ሐሳቤ። ግን ትንሽ ካወራሁ ይደክመኛል፣ ደግሞም እንባዬ ይቀድመኛል። ስለዚህ ልጻፍ።

ከሁሉ በፊት ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን። በወጣትነቴ ከመዘምራን ጋር ስቆም ታማኝ ነበር። መስበክ ስጀምር፣ በኋላም መጋቢ ስሆን ታማኝ ነበር። ያኔ ይህን ማለት አይከብድም፤ ሁሉም ነገር ተሳክቶልኛላ! አንደበቴ ሲዘጋ ነው ጉዱ የመጣው።

ስለ ነቢዩ ኤልያስ ስሰብክ የምወደው በቀርሜሎስ ተራራ ከሰማይ የወረደለትን እሳት ነው። ለመድረክ ይመቻል። ዝም ባልኩባቸው ወራት ግን ደጋግሜ ያነበብኩት 1ኛ ነገሥት 17ን ነው። ኤልያስ በኮራት ፈፋ ተሸሽጎ ነበር። ቁራዎች ጠዋትና ማታ እንጀራና ሥጋ ያመጡለታል፣ ውኃውን ከፈፋው ይጠጣል። ከዚያ ዝናብ ጠፋና ፈፋው ደረቀ። እግዚአብሔር ፈፋውን መልሶ አልሞላውም። ወደ ሰራፕታ ላከው፣ ወደ አንዲት መበለት ቤት። የእኔም ነገር እንዲሁ ሆነ። መድረኩ አልተመለሰልኝም። እማማ ግን መጡልኝ።

እማማ ማን እንደሆኑ ምእመኑ ሁሉ ያውቃል። ስማቸውን እንዳልጽፍ አጥብቀው ከልክለውኛል። ሐኪሙ ፈጽሞ እንዳልናገር ሲያዝ በደብተር ነበር የምመልሰው። ሊጠይቀኝ የመጣ ሰው ያወራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ጽፌ ሳልጨርስ ወሬው ሌላ ቦታ ደርሷል። እማማ ሲመጡ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ከቦርሳቸው እስክሪብቶ አወጡና ከእኔ ጽሑፍ በታች መጻፍ ጀመሩ። ፊደል የቆጠሩት በትልቅነታቸው ነው። መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ፣ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ ጫን እያሉ፣ አንዷን መስመር ለመጨረስ ስንት ደቂቃ! የመጀመሪያዋ መስመር «ዛሬ ምሳ በልተሃል?» የምትል ነበረች።

ልጃቸው ግራ ገብቶት «እማዬ፣ አንቺ እኮ መናገር ትችያለሽ» አላቸው። ቀና ብለው አዩትና ጻፉለት፦ «እሱ ካልቻለ እኔም አልችልም።»

ያን ገጽ ቀድጄ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፣ ሮሜ 16 ላይ። ጳውሎስ እዚያ ለሩፎን እናት ሰላምታ ሲልክ «ለእኔም እናት ናት» የሚል ነገር ጣል ያደርጋል። ምን እንዳደረገችለት ግን አይነግረንም። እኔ አላስቻለኝም፣ ነገርኳችሁ። እማማ ይቆጡ ይሆናል።

ይቅርታ፣ ቅደም ተከተሉ ጠፋብኝ። ከእማማ በፊት የደረሱልኝ አሉ። ባለቤቴ! እሷንማ ለማመስገን ሌላ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ እቤት እነግራታለሁ። የሕክምናውን ወጪ ያዋጣችሁ፣ ሌሊት የጸለያችሁ፣ መዘምራን፣ ሽማግሌዎች፣ ሐኪሞችና ነርሶች፣ ብድራችሁን ጌታ ይክፈላችሁ። በእኔ ፈንታ መድረኩን የተረከብከው ወንድሜ፣ አንተንም አመሰግናለሁ። ከእኔ አጠር አድርገህ ስለምትሰብክ ምእመኑ ደስ ብሎታል አሉ።

«ድምፅህ እንደ ቀድሞው ይሆናል» ብላችሁ በእምነት የነገራችሁኝም አላችሁ። በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። እንደ ቀድሞው አልሆነም። ቢሆንም እግዚአብሔርን ቃሉን አጠፈ አልለውም። በሰቆቃወ ኤርምያስ 3፥23 «ታማኝነትህ ብዙ ነው» የተባለው ኢየሩሳሌም ፈርሳ እያለች ነው፤ ቅጥሯ እስኪታደስ አልተጠበቀም። እኔም ሙሉ ድምፅ እስኪኖረኝ ሳልጠብቅ ላመስግነው ብዬ ነው ዛሬ የጻፍኩት።

ስማችሁን ያልጠራሁ፣ እባካችሁ አትቀየሙኝ። ብጀምር አልጨርሰውም። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ መጥታችሁ ተኝቼ ስላገኛችሁኝ ሳትቀሰቅሱኝ ተመልሳችኋል፤ በኋላ ነው የነገሩኝ።

አሁን የማገለግለው ከአንድ ወይም ከሁለት ሰው ጋር ተቀምጬ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እሰማለሁ። ይህ አገልግሎት ወዶኝ ይሁን አይሁን ባላውቅም፣ እኔ እየወደድኩት ነው። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ቢሮ እገኛለሁ። የከበደው ሰው ካለ ይምጣ። ደብተሩም አለ፣ አፍ አውጥቶ መናገር ለሚያስቸግረው።

በጌታ ፍቅር፣
ወንድማችሁ