ሳሩን አትንቀሉት

ማሙሽ፣ እንዴት ናችሁ? ሰላምታውን በኋላ እመለስበታለሁ። ትናንት የላክከውን የግቢያችንን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ሦስት ቦታ ላይ ክብ ክብ ሠርቶ የደረቀው ሳር እንቅልፍ ነሳኝ። ጎረቤት «የሚሚ የሠርግ መልስ ሳይደርስ ነቅላችሁ ኮብል አንጥፉበት» አለ ያልከውን ሳነብማ ጭራሽ ባሰብኝ። እባካችሁ አትንቀሉት። ዛሬ ጠዋት ትንሽ ገንዘብ ልኬያለሁ። ለድንኳኑና ለእማዬ መድኃኒት ነው፣ ለኮብል አይደለም።

ሁለት ወር ድምፄ መጥፋቱን አውቃለሁ። ረሳን እንዳትሉ። እዚህ ቨርጂኒያ የሳር ሥራ ብርድ ሲገባ ይቆማል፣ ባዶ እጄን መደወል ከበደኝ። አሁን ሌላ ሥራ አግኝቻለሁ፣ ደህና ነኝ።

ወደ ሳሩ ልመለስ። ፎቶው ጥግ ላይ ጎማው ተዘርግቷል፣ የበረንዳው አምፖል በርቷል። ማታ ነው የምታጠጡት ማለት ነው። አልፈርድባችሁም፣ ውሃው በፈረቃ ሌሊት ነው የሚመጣው። ግን ማታ የጠጣ ሳር እስኪነጋ እርጥብ ሆኖ ያድራል፣ ፈንገስ ደግሞ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። እዚህ ብራውን ፓች የሚሉት በሽታ አለ። ሌሊቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ሲሞቅና ቅጠሉ ለረጅም ሰዓት ሳይደርቅ ሲቀር በጥቂት ቀን ሜዳውን በክብ በክብ ያበላሸዋል። የስድስት ኪሎ ሌሊት በታኅሣሥ ብርድ ነው፣ ስለዚህ የኛው ሌላ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ቢሆንም እርጥበቱን ማሳጠር ለሁሉም ይጠቅማል። ሌሊት ሮቶውን ሙሉት፣ ከዚያ ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት ባለው አጠጡ። በየቀኑ ጠብ ጠብ ከማድረግ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ አጥግባችሁ አጠጡት።

ዩሪያ እንዳትጨምሩበት። እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመቴ አንድ ሰው ግቢ ውስጥ በሐምሌ ሙቀት ሳሩ ገርጥቷል ብዬ ማዳበሪያ በተንኩበት። ለምለም ሆኖ ተነሳ፣ ወዲያው ደግሞ በሽታው በላው። ለስላሳ ቅጠል ለፈንገስ ይመቻል። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። በረኪናም እንዳታፈሱበት፣ እማዬ ልታደርገው አስባ እንደነበር ነግረኸኛል። ሳሩንም አፈሩንም ይገድለዋል። በኮካ ጠርሙስ የሚሸጥ ስም የሌለው መድኃኒትም አትግዙ። ትክክለኛው የፈንገስ መድኃኒት እንኳን ያልተነካውን ይጠብቃል እንጂ የደረቀውን ቅጠል አያድስም። ስታጭዱ ማጭዱ ይሳል፣ ከቁመቱ ከአንድ ሦስተኛ በላይ አትቁረጡ፣ የታጨደውን የታመመ ሳር ሰብስባችሁ አውጡት።

ደግሞ አንድ ነገር አጣራልኝ። ደረቁን ቦታ በእጅህ ጨብጠህ ሳብ አድርገው። ሥሩ ተበልቶ እንደ ምንጣፍ ከተነሳ ትል ነው፣ ፈንገስ አይደለም። ሥሩ ከያዘ ተስፋ አለው።

ለሚሚ መልስ ግን አይደርስም፣ እውነቱን ልንገርህ። ጥር ቅርብ ነው። ድንኳኑን እዚያው ላይ ትከሉ፣ ቄጤማ ጎዝጉዙ፣ ማንም አያየውም። ሚሚዬ እንዳትከፋ። አልመጣም ስላት ስልኩን ለእማዬ ሰጥታ ሄደች። ወረቀቴ አላለቀም እንጂ እኔ መቅረት ፈልጌ አይደለም፣ ይህን አስረዳልኝ። አባዬን አልቀበርኩም፣ እሷንም አልድርም። ያንን ሳር አባዬ በጆንያ ተሸክሞ አምጥቶ፣ ተንበርክኮ በእጁ ሲተክለው ውሃ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ማሙሽ፣ አንተ ገና አልተወለድክም። እሁድ ከሰዓት እማዬ እዚያ ላይ ቡና ስታፈላ፣ እሱ ሬዲዮውን ጆሮው ሥር አድርጎ ጋደም ሲል፣ የታጨደ ሳርና የሚቆላ ቡና አንድ ላይ ይሸት ነበር። እዚህ ስንት ሜዳ አጨድኩ፣ ያንን ሽታ አላገኘሁትም።

እማዬ የግፊት ቀጠሮዋን እንዳለፈች ሰምቻለሁ። ለሠርግ ሽር ጉድ ብላ ነው አሉ። በዚህ ሳምንት ይዘሃት ሂድ። አረሙንም አንተ ንቀል፣ ጉልበቷ አይችልም።

ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጤዛው ሳይነሳ ወደ ሳሩ ጎንበስ በል። ክቡ ዳር ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ነገር ካለ ፈንገሱ ራሱ ሊሆን ይችላል፣ ቀርበህ ፎቶ አንሳልኝ። እማዬም ጋቢዋን ለብሳ አጠገብህ ትቁም። እሷንም አንሳልኝ።

ወንድምህ